ዎፋ አልጽፍም ያሉት ቃል

ከተማችን ኩማሲ ውስጥ ቅዳሜ የለቅሶ ቀን ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ትልልቁ ድስት ሁሉም በአንድ ቀን ይፈለጋል። የእናቴ ወንድም ዎፋ አዱሴይ ወንበርና ድንኳን ያከራያሉ። እኔ ዱፊ ደግሞ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ድስቶቼን ይዤ ለለቀስተኛው አበስላለሁ። ዎፋ የሚባለው የእናት ወንድም ነው፤ እሳቸውን ግን ሰፈሩ በሙሉ ዎፋ ነው የሚላቸው። አፏ አያርፍም ይሉኛል፣ ይበሉ! የፖኩዋን ነገር ግን ሌላው አጣሞ ከሚያወራው እኔ ባወራው ይሻላል።

ፖኩዋ የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ናት። ትምህርት እንደጨረሰች የሟች ፖስተር የሚያትም ሱቅ ተቀጠረች። እኛ ጋ የሟች ፎቶ ግድግዳው ላይ፣ የመብራት ምሰሶው ላይ፣ የታክሲው መስታወት ላይ ካልተለጠፈ ሰውየው ሞተ ተብሎም አይታመንም። ፖኩዋ ቀኑን ሙሉ የሟቾችን ፊት ስታጠራ፣ ያረጀ ሸሚዛቸውን በኮምፒውተር ስትቀይርላቸው ትውላለች። ፖስተሩን የሚጠብቁት ዘመዶች ታዲያ ዝም ብለው አይቆሙም። «ወንበር ከየት ላግኝ? ለሳምንቱ መታሰቢያ ስንት ሰው ይመጣል ብዬ ላስብ? ድንኳኑስ መቼ ይተከል?» ይባባላሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ጎግልን ይጠይቃሉ፤ የሚረባ መልስም አያገኙም።

«ጠያቂው እዚህ፣ ወንበር ያለው ሰውዬ እዚያ፤ የሚያገናኛቸው ጠፋ ማለት ነው?» አለች ፖኩዋ። ድረ-ገጽ መሥራቱንም፣ የተሠራው ፍለጋ ላይ ቶሎ እንዲገኝ ማድረጉንም ቀስ በቀስ ተማረች። ዛሬ ጫማ ሰሪው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ዘይት ነጋዴዋ ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። በራሷ ደግሞ እንዴት ትተማመናለች መሰላችሁ! መጀመሪያ ያየኋት ቀን «ይቺ ደግሞ ማን ነኝ ብላ ነው?» ብዬ ፊቴን አዙሬባታለሁ።

እሷ ጋ ያስኬደኝ አምፖፎ ነው። አምፖፎ ከከተማው ማዶ ነጫጭ ወንበርና ጥብጣብ ይዞ አዲስ ድርጅት ከፈተ። እውነት ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም። ግን ዘንድሮ ለቅሶውን የሚያሰናዳው ውጭ አገር ያለው ልጅ ነው። ለንደን ወይ ሐምቡርግ ሆኖ ስልኩን ሲነካካ አምፖፎ ይመጣለታል፤ ያዛል፣ ያልቃል። የእኛ ወንበር አቧራ ለብሶ ተከምሮ ቀረ። አምፖፎም መጥቶ «ዎፋ፣ ወንበሮቹን ጠቅልዬ ልግዛዎትና እርስዎም ይረፉ» አላቸው። ዎፋ ተስፋ ቆርጠው ስለነበር እሺ አሉ። ገንዘቡ እጃቸው ባይገባም ቃል ሰጡ፤ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ መኪና ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

ወንበሩ ከሄደ ለድስቱ ማን ይመጣል? ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ በአንድ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ቆሜ ልይ? ሄጄ ፖኩዋን እየጎተትኩ አመጣኋት።

ገና ከመግባቷ «እህት ዱፊ፣ ስልክሽን አውጪ» አለችኝ። «እናትሽ ሞተች እንበልና...»

«አፍሽን ቁረጪው! እናቴ ደህና ናት!»

«እሺ፣ የጎረቤትሽ እናት።»

«እሷም ደህና ናት።»

«በቃ የጠላትሽ እናት ትሁን!» ብላ ሳቀች። «አሁን ለለቅሶው ወንበር ፈልጊ። የዎፋን ስም ግን እንዳትጽፊ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በእግሩ ይመጣል፤ እኛ የምንፈልገው የማያውቃቸውን ነው።»

ጻፍኩ። አምፖፎ መጣ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ እኛ የለንም። በመጨረሻ ስማችንን ጽፌ ገባሁ፤ «ጌታ የያዘውን ማን ይነጥቃል ድርጅት» ይላል። ገጹ እስኪከፈት ሥጋ ይበስላል። ሲከፈት ደግሞ የመዘምራን መዝሙር ይጮሃል፤ ዎፋ በፎቶ፣ ባለ ቀለም የኬንቴ ጨርቅ ተሸፋፍነው ስልኩን ሞልተውታል። ከሥራቸው «ለማንኛውም ዝግጅትዎ» ይላል፣ አበቃ። አድራሻው «ከተቆረጠው ዛፍ አጠገብ» ነው። እኛማ ዛፉ የት እንደነበር እናውቃለን! ካርታው ላይ ደግሞ ግቢያችን ሌላ ቦታ፣ መኪና ጋራዦች መሀል ተተክሏል።

ፖኩዋ ሳትስቅ ቻለችው። «መዝሙሩ ይወጣል፣ ፎቶው ያንሳል፣ ካርታው ይስተካከላል፤ ይሄ ቀላል ነው» አለች። «ከባዱ ሌላ ነው። ዎፋ፣ ገጽዎ ላይ ለቅሶ የሚል ቃል የለም። ቀብር የሚልም የለም። መፈለጊያው ታዲያ ምን እንደሚሠሩ በምን ይወቅ?»

«የለም፤ አይኖርምም» አሉ ዎፋ።

«ለምን?»

«ለለቅሶ ወንበር አለኝ ብሎ በአደባባይ የሚጽፍ ሰው፣ ቁጭ ብሎ የሰው እናት የምትሞትበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው ነው። እኔ ሞትን ኑ ብዬ አልጠራም።»

እኔ ጦፍኩ። «ዎፋ! አምፖፎ ጽፎት የለም እንዴ?»

«እኔ አምፖፎ ነኝ?»

እሳቸው ብቻ እንዳይመስሏችሁ። መንገዳችን ላይ የሬሳ ሣጥን የሚሠራው ሰውዬ እንኳ በሩ ላይ የጻፈው «የእንጨት ሥራ» ብሎ ነው። ነውር ነዋ! ፖኩዋ ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እሺ ዎፋ፣ ይቅር። ሐዘን የደረሰበት ሰው በዚህ በር ሲገባ ግን ምን ይሉታል?»

«ምን እለዋለሁ? አጽናናዋለሁ። ከዚያ የሚጠይቀኝን እነግረዋለሁ።»

«ለኔም ይንገሩኝ። ስልኬ ድምፅዎን ይቅዳ?»

«ይቅዳ።»

ዎፋ ጀመሩ። ለሳምንቱ መታሰቢያ ምን ያህል ወንበር እንደሚበቃ፣ የቤተሰቡ አለቃ ሳይሰማ ቀን መቁረጥ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚያመጣ፣ አማቾች ከየት በኩል እንደሚቀመጡ፣ ድንኳኑ ለምን ዓርብ ተተክሎ ማደር እንዳለበት፣ ቀይ ማን እንደሚለብስ፣ ጥቁር ማን... ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ እስክትለቅ አወሩ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው ኖሬ ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ፖኩዋ ገጹን ይዛ መጣች። አናቱ ላይ ማስታወቂያ የለም። ጥያቄ ነው ያለው፤ ፖስተር ሱቁ ውስጥ የቆሙት ዘመዶች ይባባሉት እንደነበረው፣ በራሳቸው አነጋገር፦ «እናቴ ኩማሲ ሞታብኛለች፣ እኔ ውጭ አገር ነኝ፣ ለቅሶውን ከየት ልጀምር?» ከሥሩ የዎፋ መልስ፣ ከሱ ሥር ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ መልስ። ፎቶዎቹ ወንበሮቹና ድንኳኖቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥር ምን እንደሆነና ለስንት ሰው እንደሚበቃ ተጽፏል።

ዎፋ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። «ይሄ እኮ የኔ አፍ ነው» አሉ።

«የእርስዎ ነው። ማንንም አልጠሩም። ለጠየቀዎት ሰው ነው የመለሱት። ሰውየው ለቅሶ ካለ፣ እርስዎም ለቅሶ ብለው ይመልሱለታል።»

መነጽራቸውን አወለቁና «እንዲህ ከሆነስ ነውር የለውም» አሉ። እኔ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

በስልክ ቁጥሩ ግን ተጣሉ። ፖኩዋ ከላይ ይሁን አለች፤ ዎፋ ሰው ሳይጽናና ቁጥር አይሰጠውም ብለው ከታች አስቀመጡት። «ዎፋ፣ ሰው እስከ ታች አይወርድም!» ብትል «ያዘነ ሰው ይወርዳል» አሉ። ፖኩዋ ስትሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ለድሮ ደንበኞች አንድ በአንድ እየደወልኩ፣ ስለ ዎፋ ሥራ የሚያውቁትን እውነት ጎግል ካርታው ላይ ከስማችን ሥር እንዲጽፉ ጨቀጨቅኳቸው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በየቀኑ ስፈልግ የለንም። ፖኩዋ ላይ ብጮህባት «ጎግል ታክሲ አይደለም፣ እጅ ስላነሳሽ አይቆምም። ግን ይመጣል» ትለኛለች። እውነትም ሩቅ ታች ብቅ አልን። ከዚያ ከፍ አልን፣ ከዚያም ከአምፖፎ ሥር ደረስን። ስልኩ ግን አልጮኸም።

ሐሙስ ደረሰ። አምፖፎ በጠዋት መኪናና ጫኞች ይዞ መጣ። ዎፋ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወንበሮቻቸው ሲጫኑ ያያሉ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ፖኩዋን ጠርቻት መጥታለች።

«ደንበኞች ይደውላሉ» አለችኝ።

«መቼ? ወንበሩ አምፖፎ ግቢ ከገባ በኋላ?» ብዬ አንባረቅኩባት። ወሬዋ ሁሉ አስጠላኝ።

መኪናው ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር የዎፋ ስልክ የጮኸው። ጆሯቸው ስለከበደ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን። የሴት ድምፅ ነው።

«ዎፋ አዱሴይ ነዎት? ኮናዱ እባላለሁ፣ ሐምቡርግ ነው ያለሁት። እናቴ ትናንት አረፈች። የከፈትኩት ገጽ ሁሉ ዋጋ፣ ዋጋ ይለኛል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ውሃ ይጠጡ ብለው ጽፈዋል። ቁጭ ብያለሁ። ጠጥቻለሁም። አሁን ምን ላድርግ?»

ዎፋ ብድግ አሉ። «እናትሽ ማን ትባላለች፣ ልጄ?»

«ማሜ አፍሪዬ።»

«የማሜ አፍሪዬን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።»

ጫኞቹ የያዙትን መሬት አስቀመጡ፤ የሟች ስም ተጠርቷላ። አምፖፎም ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሁን ለእናትሽ ወንድም ደውዪ» አሏት ዎፋ፣ «ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቀኑን ሲነግርሽ ለኔ ትነግሪኛለሽ። ስለ ወንበር አታስቢ። ወንበሩ የኔ ሐሳብ ነው።»

ልጅቱ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀች። ዎፋ አልዘጉባትም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ይዘው ቆሙ።

ሲዘጉት አምፖፎ ጠጋ አላቸው። «ዎፋ፣ ወንበሩ የኔ ሐሳብ ነው አሏት።»

«አልኳት።»

«የትኛው ወንበር?»

ዎፋ መኪናውን አዩ። ከዚያ እሱን አዩት። «አምፖፎ፣ ላንተ የሰጠሁህን ቃል እየሰበርኩ ነው። ማረኝ። የሷን ግን አልሰብርም።»

«ለአንድ ለቅሶ ብለው?»

«ለማሜ አፍሪዬ» አሉ።

አምፖፎ ከንፈሩን መጠጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ ወደ ጫኞቹ ዞሮ «ምን ትጠብቃላችሁ? አውርዱ እንጂ!» አለ። ፖኩዋ ቀድማ መኪናው ላይ ወጥታ ወንበር ታቀብል ነበር። እኔ ማማሰያዬን ይዤ ግቢው መሀል ቆሜ፣ ዓይኔ አይቷት ለማያውቅ ሴት እየተነፋረቅኩ ነበር።