ከሙሾው ሥር የቀረው ቪዲዮ

እስከዳር በጎንደር ፖሊስ ምርመራ ክፍል ከስልክና ከኮምፒውተር ማስረጃ ማውጣት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሞልቷታል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሰው ሲገደል አይታለች፤ እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ ደጋግማ።

የአንዳርጋቸው ስልክ ከአዲ አርቃይ ገጠር የመጣው ደሙ በመስታወቱ ስንጥቅ ውስጥ እንደደረቀ ነው። ገበሬው፣ ጎረቤቱ ፊልጶስ ድንበር ገፍቶ ሲያርስ ሊቀርጸው ወጥቶ እዚያው ማሳው ላይ በፋስ ተገደለ። ፊልጶስ መግደሉን አልካደም። ቀድሞ በዱላ የመታኝ እሱ ነው፣ ራሴን ስከላከል ነው ብሎ ቃሉን ሰጠ። እውነቱን ሊያወጣ የሚችለው ያ ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ ቪዲዮው ግን ስልኩ ላይ የለም።

የሰረዘችው የሟቹ ሚስት ይመኙሽ ናት። ስልኩን ከሬሳው ጎን አንስታ ከፈተችው፤ የባሏን የመጀመሪያ ጩኸት ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጆቿ እንዳይሰሙት አጠፋችው።

እስከዳር በዋናው ላይ አልሠራችም። ሚሞሪ ካርዱን አውጥታ፣ ምንም እንዳይጻፍበት በሚከለክል መሣሪያ ሙሉ ቅጂ ወሰደች፤ ቅጂው ከዋናው አንዲት ነጥብ እንደማይለይ በቁጥር አመሳክራ ካርዱን አሸገችና ፈረመችበት። ከዚያ ቅጂውን ፈተሸች። የተሰረዘ ቪዲዮ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪቀዳበት ድረስ ቦታው ላይ ይቆያል። እዚህ ግን ተቀድቶበታል። በልቅሶው ዕለት ዘመዶቹ፣ ላልደረሱት ሊያሰሙ ብለው ሙሾውን በሟቹ በራሱ ስልክ ቀድተውት ኖሯል። ቪዲዮው ከነበረው አራት ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሙሾው በላቸው።

የተረፈው ሲጀምር አንዳርጋቸው መሬት ላይ ነው። ስልኩ አጠገቡ ወድቆ ሁሉን ያያል። ባዶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ፋሱ ሲወርድ ሁለት ጣቶቹ አፈሩ ላይ ቀሩ። ፊልጶስ እያለከለከ፣ "ምነው አያ አንዳርጋቸው፣ ቅረጸኝ እንጂ" ይላል፤ ደግሞ ይመታል። ትከሻውን። መንጋጋውን። እስከዳር ሰባት ምት ቆጠረች። እንዳትሳሳት እንደገና ቆጠረች። ሰባት።

ይመኙሽ ቃሏን ልትሰጥ ስትመጣ፣ ማን እንደሰረዘው እንዳትጽፍባት ለመነቻት። አገሩ የባሏን ደም ሸጠች ይለኛል አለች።

"ጽፌዋለሁ፣ እትዬ። እሱን ከደበቅሁ ሌላውንም አያምኑኝም።"

በችሎት የፊልጶስ ጠበቃ ስረዛውን የጻፈችበትን ያችኑ ገጽ ይዞ ተነሣ። ቀድሞ የመታው ማን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት።

"አላውቅም" አለች። "ያ ክፍል የለኝም። ያለኝ የወደቀ ሰው ሰባት ጊዜ ሲመታ ነው።"

ቪዲዮው ሲታይ ይመኙሽን አስወጥተዋት ነበር። ፊልጶስ ጥፋተኛ ተባለ። እስከዳር ስትወጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ስለ ፍርዱ አልጠየቀችም።

"ስሜን ጠርቷል?"

ሙሾው በበላው ክፍል ጠርቶም ሊሆን ይችላል። እስከዳር ግን የሰማችውን ብቻ ተናገረች።

"በሰማሁት አልጠራም። ውኃ ነው የጠየቀ።"

ይመኙሽ ራሷን ነቀነቀች።

"የማሳው ምንጭ እኮ እዚያው ነው" አለች ቀስ ብላ፤ "ከእግሩ ሥር።"