የአደራ ሰንጢ

ሰው እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲገባ ጫማ ይገዛል፤ እኔ አሮጌ ሰንጢ እገዛለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከዛገ ቁልፍና ከተሰበረ ሬዲዮ መሃል ሰንጢ ካየሁ ከዚያ የሚያነሳኝ የለም። በሰሊጥ ዘይት አሽቼ ዝገቱን ሳስለቅቀውና ሲከፈት ቀጭ ሲል እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። አዲስ አልወድም። እጀታውን የሰው መዳፍ ያለሰለሰው፣ ስለቱ በመሳል ብዛት የሳሳው ነው የሚገባኝ። ዘጠኝ ነበሩኝ። አብረውኝ የሚያድሩት "ይኼ ዕብድ" ይሉኛል፤ እኔም እየሳቅሁ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ።

ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ጆንያ የሚሸከም አንድ የመተማ ሰው ነበር። ከሟች አባቱ የቀረው የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ ነበረው። ለአጨዳ ወደ ሀዋታ ሲወርድ፣ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነውና ስለት ይዞ መገኘት ጣጣ እንዳያመጣበት ፈራ። "አደራህን፣ የአባቴ ነው" ብሎ ሰጠኝ። ከሁሉ እኔን የመረጠው የሰንጢ አያያዝ ስለማውቅ ነው።

በሁለት ወር ውስጥ ያን ሰንጢ ወደድኩት። ቀን ኪሴ ውስጥ፣ ሲመሽ ትራሴ ሥር ነበር። ሰውየው ሲመለስ ግን "ከከተማው መውጫ ካለው ኬላ ላይ ወታደሮች ወሰዱብኝ" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ ብል ውሸት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጀው ነበር።

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን "መቱህ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አልመቱኝም" አልኩት።

በማግስቱ ኬላው ድረስ ሄዶ እንደሚለምናቸው ነገረኝ። የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለው አውቃለሁ። ያኔም ሰንጢውን አውጥቼ ልሰጠው እችል ነበር። "ተወው፣ አይሰጡህም" ብቻ አልኩት። ሄደ፣ ያዙትም።

ሦስት ቀን አሰሩት። በሦስቱም ቀን ሥራ ገባሁ፣ እህልም በላሁ። አደራ በላ መሆኔን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ያ ሰንጢ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬው፣ ለሰውም አሳይቼው አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ከንፈሩ ደርቆ፣ ባዶ እግሩን መጣ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፤ ለራሴ የፈራሁ መሰለው።

"መዓለሽ፣ አይዞህ ወንድም ዓለም" አለኝ። "ወታደር ወሰደብኝ ያለህ ማን ነው ብለው ሲያፋጥጡኝ ነበር። ስምህን አልነገርኳቸውም።"

ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።