«ፎቶው ቢሮ ይቀመጣል»

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት አንድ ወረቀት መጣ። የልጆቹን ፎቶ ለማስታወቂያ ለማውጣት የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የት እንደሚወጣ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ግን አንድም ቃል የለውም። ሳልፈርም መለስኩት። አስተማሪዋ ደወለችልኝ። «ሁሉም ወላጅ ፈርሟል እኮ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ፎርማሊቲ ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። እሷ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው፤ እኔ ግን ጮህኩባት።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ሐዋሳ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ስለሆነ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአዲስ አበባ ላስመጣው ፎቶ አንሺ ለአንድ ቀን እንዳስተረጉም ጠየቀኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። የጓደኛዬን ጫማ ተውሼ ሄድኩ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። የምሥራቅ ክፍለ ከተማ መንገዶች ያኔ አስፋልት አልነካቸውም፤ ከጭቃው ጋር እየታገልን እትዬ ማርታ ሳምቡሳ ከምትጠብስበት ደጅ ደረስን። አማርኛ እምብዛም አትችልም፤ የምስር ሳምቡሳዋን ግን ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሰው ተሰልፎ ነበር የሚገዛት። ለሁለታችንም ትኩስ ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችን። ሚጥሚጣው እንባ ያስመጣል። እንደዚያ ያለ ሳምቡሳ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ቢቀርብልኝም የምውጠው አይመስለኝም።

ፎቶ አንሺው የሰባት ዓመት ልጇን ምሕረትን ማንሳት እንደሚፈልግ ስነግራት ደስ አላት። ልጅቷን ይዛ ገባችና ፊቷን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ቢጫ ቀሚስ አልብሳ አወጣቻት። ልጁን ፎቶ ሲያስነሳ ክት ልብስ የማያለብስ ማን አለ? ሰውየው ግን ፊቱን አጨማደደ። «የቅድሙ ይሻላል፣ የተቀደደው» አለኝ።

ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት? ይሉኝታ ያዘኝ። «ቢጫው ለካሜራው ብርሃን አይመችም ይላል» አልኳት። አመነችኝ።

ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ የፈቃድ ወረቀት ወጣ። «ፎቶው የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልብ በሉ፣ ጠይቃለች! ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል የሚሉ ይስሙ፤ ከሦስታችን መጠየቅ ያለበትን የጠየቀችው እሷ ነበረች። እኔ የተማርኩት ደግሞ ወረቀቱን ሳላነብ፣ ሰውየውንም ሳልጠይቅ፣ «ቢሮ ይቀመጣል» አልኳት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ።

ጥር ላይ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ቆመ። ምሕረት በተቀደደው ልብሷ፤ ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «እናትና አባቴን ኤድስ ነጠቀኝ» የሚል ጽሑፍ። እናቷ በሕይወት አለች! አባቷ ሻሸመኔ በግንበኝነት ይሠራል!

የበሽታው ስም ያኔ በሹክሹክታ ነበር የሚጠራው። በሳምንት ውስጥ ሳምቡሳውን የሚገዛ ጠፋ። ከምሕረት ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅም ጠፋ።

እትዬ ማርታ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ መጥታ አስጠራችኝ። አብረን ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ተቀመጪ እንኳ አላላትም። መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣና «ፈርማለች እኮ። ለማንኛውም ዓላማ ይላል» አለ።

«የተጻፈው ውሸት ነው! እናቷ ይቺውና ቆማለች!» አልኩት።

«እህቴ፣ ሰሌዳው ስለ ችግሩ ነው እንጂ ስለ እሷ አይደለም። ደግሞስ ያስረዳሻት አንቺ አይደለሽ?» ጣቱን ስሜ ላይ አሳረፈ።

እትዬ ማርታ ጣቱን አየች። «ምን አለ?» አለችኝ። ያን ቀን ምንም ሳልቀንስ፣ ምንም ሳላለዝብ ተረጎምኩላት። አልጮኸችም። «እኔ እኮ የኛ ልጅ ናት ብዬ ነው ያመንኩሽ» አለችኝና ወጣች።

ሰሌዳው እስከ ክረምት ቆመ። እነሱ ግን ከፋሲካ በፊት ቤቱን ለቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ የለም። ያን ኃላፊ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ፎቶ አንሺውንም እረግመዋለሁ። ንዴቱ በዕድሜ ይበርዳል ይሉኛል፤ የኔ ግን ብሷል።

ትናንት አስተማሪዋን ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩ። «ምን ደርሶብዎት ነው?» ብላ በደግነት ጠየቀችኝ። የሰሌዳውን፣ የወረቀቱን፣ የቢጫውን ቀሚስ ነገር ሁሉ ነገርኳት። አንድ ነገር ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲያነሳ ምሕረት ፊቷን በክንዷ ሸፍና ነበር። ማንም ሳይጠይቃት መልሷን ሰጥታ ነበር። ክንዷን ይዤ ወደ ታች ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እየሳቅኩ፣ «አይዞሽ» እያልኳት።