ከብስክሌት ወርደን የሸኘነው ሰው

የእናቴ አባት የወገራ ሰው ነበሩ፤ በቅሎ ነበራቸው። በበቅሏቸው ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ፊት ይወርዳሉ፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው ሲመጣ ይወርዳሉ፣ ሬሳ ካጋጠማቸው ደግሞ ወርደው ትንሽ ይሸኛሉ። ይህን ያስተማሩኝ ገና ከኋላቸው ተፈናጥጬ የምሄድ ልጅ ሳለሁ ነው። ስለ ብስክሌት ግን የነገሩኝ ነገር የለም። ብስክሌት እንደ በቅሎ ነው ወይስ እንደ ጫማ? እንደ በቅሎ ከሆነ ለሽማግሌ ይወረዳል። እንደ ጫማ ከሆነ ግን ሰው ለሽማግሌ ብሎ ጫማውን አያወልቅም፤ ለቤተ ክርስቲያን ግን ያወልቃል። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

ጎንደር ውስጥ ቱሪዝም የማጠና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አራዳ አካባቢ ብስክሌት የሚያከራይና እንግዶችን በገጠር መንገድ እየመራ የሚያስጎበኝ ሰው አለ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ መጀመሪያ ቀን “እርስዎ” ስለው “አታስረጂኝ” ብሎ አስቁሞኛል። እሱ ከፊት ሆኖ ይመራል፣ እንግዶቹ መሐል ይሆናሉ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ አንድ ኋላ ጠባቂ ይነዳል። ጎማ የተነፈሰበትን የሚረዳ፣ የደከመውን የሚጠብቅ፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚያይ ማለት ነው። ያንን ሥራ ከልቤ ፈለግሁት። አዘዞ ካለው ቤታችን ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ “ይኼም ትምህርት ነው?” ትለኛለች፤ አንድ ቀን መልስ ይዤላት ልገባ እፈልጋለሁ። አስጎብኚው በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠራኝና “ዛሬን አይሻለሁ። ከሆነልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንቺ ነው” አለኝ። ትዕዛዙ አንድ ብቻ ነበር፦ ከአንቺ ኋላ ማንም እንዳይኖር።

እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ባንክ ይሠሩ ነበር፣ ሚስታቸው አስተማሪ ነበሩ። ጋሼና እትዬ አልኳቸው። ብስክሌቶቹን በፒካፕ ጭነን በጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ወጣን፤ ከዚያ በእርሻው መሐል በሚያልፈው የጠጠር መንገድ ቀስ እያልን ወደ ጎንደር መውረድ ነው። በመንገዱ ላይ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት እናያለን፤ መጨረሻ ላይ፣ ከተማው ጥግ፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት የሸክላና የብረት ሥራ ይሠሩበት የነበረውን መንደር እንጎበኛለን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ባቄላው ገና በየማሳው ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ነፋሱ ይበርዳል፣ ፀሐይዋ ግን ጀርባ ታሞቃለች። እትዬ ፔዳሉን ሳይረግጡ ብስክሌቱ በራሱ ሲወርድ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ገና ከአምባ ጊዮርጊስ እንደወጣን አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ወደ ገበያ መጡ። ወረድኩ። “እንዴት አደሩ አያ?” አልኳቸው። ሸጋ መሆናቸውን ነገሩኝና አለፉ፤ እኔም ተመልሼ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድን ሌላ ሽማግሌ መጡ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን በር አገኘን፤ ወርጄ ተሳለምኩ። እትዬ ዞር ብለው አዩኝና እሳቸውም ወረዱ። ሚስታቸው ሲወርዱ ጋሼም ወረዱ። ከዚያ በኋላ እኔ በወረድኩ ቁጥር ሦስታችንም እንወርዳለን። ስንወርድ ያላየው አስጎብኚ ኮረብታው ጥግ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

“ምነው? ጎማ ነው?” አለኝ።

“አይ፣ አያ ናቸው።”

“የትኛው አያ?”

“ሁሉም” አልኩት።

እንግዶቹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በየአያው ከወረድሽ ጎንደር የምንገባው ለጥምቀት ነው።”

እንግዲያው ለየትኛው ልውረድ ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን በደንብ ለመያዝ ተዘጋጅቼ ነበር። “አስተውለሽ” አለኝና ብስክሌቱ ላይ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ ባዶ ወረቀት ነው የምመልሰው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ሲመጣ ግማሽ ወርጄ ግማሽ እየነዳሁ፣ አንድ እግሬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ሰላምታ እሰጥ ጀመር። አንዱ አዛውንት እግሬን ያመመኝ መስሏቸው እግዜር ይማርሽ ብለውኝ አለፉ።

ቀብሩን ያገኘነው ከአንድ ትንሽ ድልድይ ማዶ ነው። አስጎብኚው ቀድሞ ታጥፎ ከዓይናችን ተሰውሯል። ከግራ በኩል ካለው የእግር መንገድ መጀመሪያ የካህናቱ ጥላዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ በነጭ ጋቢ የተሸፈነው ቃሬዛ፣ ከኋላው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች። ወደ እኛ መንገድ ገቡና ከፊታችን መሄድ ጀመሩ።

እንግዲህ ማስተዋል ነበረብኝ። ለሬሳ እንደሚወረድ አያቴ በግልጽ ነግረውኛል። ብስክሌት ጫማም ቢሆን በቅሎም ቢሆን፣ በሬሳ አጠገብ ደወል እየደወሉ ማለፍ እንደማይሆን ለራሴ ታየኝ። ወረድኩ። እትዬ ወረዱ፣ ጋሼም ወረዱ። ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ከኋላ ተከተልን።

“ስንት እርምጃ ነው የሚሸኘው?” አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ።

አያቴ ይህን አልነገሩኝም። ጥቂት ብለዋል እንጂ ጥቂት ምን ያህል እንደሆነ አላሉም። ካህናቱ ቃሬዛውን አስቁመው ፍትሐት ሲያደርሱ ቆመን እንለያለን ብዬ አሰብኩ። ቆሙ፤ እኛም ቆምን። ፍትሐቱ አልቆ እንሂድ ብዬ ዞር ስል ከሌላ መንደር የመጡ ሴቶች ከኋላችን መንገዱን ሞልተውታል። ከእኔ ኋላ ማንም እንዳይኖር ተብዬ ነበር፤ ይኸው አሁን ከኋላዬ ግማሽ ቀበሌ አለ።

አንድ አዛውንት ጠጋ አሉኝ። “ከየት ናችሁ ልጄ?”

“እኔ ከጎንደር ነኝ፣ እነሱ ግን ከአዲስ አበባ ናቸው፣ አያ።”

ብስክሌቶቹን ተራ በተራ አዩ። “በዚሁ?”

“አዎ” አልኩ። እስከዚህ ድረስ በዚሁ ነው የመጣነው ማለቴ ነበር። ፒካፑን መጥቀስ ነበረብኝ፤ ግን ፍትሐት ላይ ስለ ፒካፕ ማውራት ነውር መሰለኝ። አዛውንቱ ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ፊት ሄደው ለአንዱ ነገሩት፤ እሱም ለሌላው። ለቀብር ብለው ከአዲስ አበባ በብስክሌት የመጡ ዘመዶች መሆናችን ሰልፉን ሁሉ ሲያዳርስ ዓይኔ እያየ ነው። ሰዎች እየዞሩ አዩን። ሦስት ሴቶች መጡና ደክሟችኋል እያሉ ብስክሌቶቻችንን ከእጃችን ወሰዱ። አንዷ ብስክሌቱን በመሪው ይዛ፣ ጥጃ እንደምትስብ ቀስ እያለች ትገፋው ነበር። እኛን ወደ ፊት አሳለፉን፤ ከሟቹ ቤተሰብ ጎን።

ያኔ ነገሩን ማቆም እችል ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በለቅሶ መሐል ቆሞ “ይቅርታ፣ እኛ ጎብኚዎች ነን” ይባላል? ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አስጎብኚው እንደሆነ አውቃለሁ። ከቃሬዛው አጠገብ ሆኖ ስልክ ማንሳት ይቻላል? አላነሳሁም። ቅዳሜዎቼ አንድ በአንድ ሲሄዱ ታየኝ።

ቃሬዛውን የተሸከሙት ጥቂት ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም በዕድሜ የገፉ። ዳገቱ ላይ አንዱ ትንፋሽ አጠረውና ዘወር ብሎ ጋሼን አያቸው። ጋሼ ባንክ ቤት ቁጭ ብለው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ግን ገቡና ትከሻቸውን ሰጡ። ሄልሜታቸውን አላወለቁም። እኔም፣ እትዬም አላወለቅንም፤ ማን አስታወሰው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብለው “ወንድ ነው ሴት?” አሉኝ። አላወቅሁም። የሞተው ወንድ መሆኑን ያወቅነው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ካህናቱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ነው። እትዬ ግን ይህንንም ሳይጠብቁ ያለቅሱ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው፣ የራሳቸው አባት ሲቀበሩ ፈተና እያስፈተኑ ስለነበር እንዳልደረሱ ነገሩኝ።

ከቀብር በኋላ ወደ ለቅሶው ቤት ወሰዱን። አልሄድም ማለት አልተቻለም። ድንኳን የለም፤ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አጎዛና ድርቆሽ ተነጥፏል። እጃችንን አስታጥበው ንፍሮ አቀረቡልን። እኔን ከሟቹ ልጅ አጠገብ አስቀመጡኝ። በሠላሳዎቹ ያለች ሴት ነች፤ ፊቷ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። የዘገንኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አደረግሁት። ሰው የማይገባውን ዘመድነት ይዞ እንዴት ይበላል? ጠጋ አልኳትና በጆሮዋ ነገርኳት።

“እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። እኛ ግን ዘመድ አይደለንም። ብስክሌት ስንነዳ ነው መንገድ ላይ ያገኘናችሁ።”

ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥሎም ከራሴ በላይ ተመለከተች።

“አውቃለሁ። የኔ አባት የፕላስቲክ ቆብ የሚያደርግ ዘመድ የለውም።”

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ሄልሜቱ እዚያው ነበር። አገጬ ሥር ያለውን ማሰሪያ ለመፍታት ስታገል ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ፤ ወዲያው ጠፋ።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?”

“ወንዶቹ ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደዋል” አለችኝ። “ወንድሞቼም እዚያው ናቸው፤ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ አባቴን ማን ይሸከመዋል ስል ነው ያደርኩት። ሰውየው መጥተው ገቡልኝ። እንግዲህ ምን ብዬ ልመልሳችሁ?” ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። “ብዪ።”

በላሁ። ልክ ሠርተን ይሁን አጥፍተን አሁንም አልተለየልኝም ነበር። ጋሼ ማዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወራሉ፤ ትከሻቸውን ያሻሉ።

አስጎብኚው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ወደ ታችኛው መንደር ወርዶ ጠብቆን፣ ስንቀር ተመልሶ ሲፈልገን ዳገቱን ሁሉ እየገፋ ወጥቷል። መንገድ ላይ ያገኛትን ሴት ብስክሌት የያዙ ሰዎች አላየሽም ወይ ብሎ ሲጠይቃት ቀብር ላይ ናቸው ብላዋለች። የማን ቀብር እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም ሊጠይቃት አልቻለም። ግቢው በር ላይ ብስክሌቱን ጥሎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ጋሼን አየ፣ ቀጥሎ እትዬን፣ መጨረሻ ላይ እኔን። ከዚያ እዚያው በቆመበት ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሰዎቹ ለሟቹ የሚያለቅስ መሰላቸው። ጎን ለጎኑ ተቀምጠው አጽናኑት፤ አንዱ አዛውንት በቃህ ልጄ፣ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው አሉት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ እሺ አላቸው። ንፍሮ አቀረቡለት። ተናድዶ ይሁን፣ አዝኖ ይሁን፣ ተርቦ ይሁን መለየት አልቻልኩም፤ ሳህኑን ግን ጨረሰው።

ስንወጣ ከለቅሶ ቤት በር ላይ ብስክሌት ላይ መውጣት አይገባም ብዬ መግፋት ጀመርኩ። ሌሎቹም ተከትለውኝ ገፉ። ባሕር ዛፉ ጋርዶን ቤቱ ከማይታይበት ስንደርስ አስጎብኚው “አንቺ ከፊት ሂጂ” አለኝ። እሱ ከኋላ ሆነ። ይህ ሹመት ነው ወይስ ሽረት? የኋላውን ቦታዬን ወሰደብኝ ማለት ነው? ጎንደር እስክንገባ ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል በመንገዱ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንኳ በወጉ አላስጎበኘሁም። የቤተ እስራኤሎቹ መንደር ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ በሩን ዘግተውታል። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው አዩና ሌላ ጊዜ እንመጣለን አሉ።

አራዳ ሱቁ በር ላይ ባልና ሚስቱ ስመውን ተለዩን። አስጎብኚው ብስክሌቱን ገልብጦ የኋላ ጎማውን ፍሬን ማስተካከል ጀመረ። እኔ መሄድም መቆምም አቅቶኝ ቆምኩ።

“ለቤተ ክርስቲያን ውረጂ” አለኝ ቀና ሳይል። “ለአያ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ እለፊ፤ እግርሽን አትጎትቺ።”

“ለቀብርስ?”

ጎማውን አሽከረከረውና ድምፁን አዳመጠ። እስኪቆም ጠበቀ።

“ለቀብር እኔንም ጠብቂኝ።”

እሺ አልኩና ብስክሌቴን ሱቁ ውስጥ ትቼ ወደ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈርኩ። ይህ ለቅዳሜዎቼ አዎ ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው።