የፀሐይነሽ ጅራፍ

ፀሐይነሽ ጅራፍ መማር የጀመረችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ይህን የሰማ፣ በሰው አገር ሳድል ሪጅ በሚባል ሰፈር የሚኖር ሐበሻ የደነገጠውን ያህል፣ ሬንት ሲጨመርበት እንኳ ሲደነግጥ አላየሁም።

አስተማሪዋ ሮሚ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያው አብሯት ሺፍት የሚገባ ፊሊፒኖ፣ ቁመቱ ትከሻዋ ጋ የሚደርስ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አዳራሽ ውስጥ አርኒስ የሚሉትን የአገሩን የዱላ ፍልሚያ ያስተምራል። መጀመሪያ ዱላ፣ ቀጥሎ ጅራፍ።

«ጅራፉም የሚሄደው በዱላው መንገድ ነው፤ አጥንት የለውም እንጂ» ይላታል። «አትጎትቺው። ልቀቂው፣ ይሂድ። ከጎተትሽው ወደ አንቺ ነው የሚመጣው።»

ጎተተችው፤ መጣ። ፊቷን በመነጽርና በኮፍያ ብትከልልም ክንዷና አንገቷ ሰምበር በሰምበር ሆነ። በሦስተኛው ወር የተንጠለጠለ ጋዜጣ ለሁለት ሰነጠቀች፤ ግማሹን ወስዳ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። ለምን ጅራፍ ሲሏት መልሷ አንድ ነው፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ይሄ ሲጮህ አዳራሹ በሙሉ ዞር ይላል።»

ባሏ አምላኩ ፍሪጅ መክፈት ጠላ። «ቤተ ክርስቲያን ሰው የእሷን አንገት አይቶ እኔን ነው የሚገላምጠኝ፤ ስሜ ጠፋ!» ብሎ ለሽማግሌ ኮል አደረገ።

እስቲ ይህን የጠፋ ስም እንፈልገው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በመጀመሪያው ዊንተራቸው፣ አምላኩ በቀበቶ ገርፏት ነበር። ክንዷን ገልጣ ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሼ በድሉ አሳየቻቸው። ጋሼ በድሉ ራሳቸውን ነቀነቁና «ቻል አድርጊው ልጄ፤ ብርዱ ነው። ሰው አገሩን እስኪለምድ ያበሳጨዋል» አሏት። ብርዱ! አየሩ ተፈረደበት፣ ቀበቶው በነጻ ተሰናበተ። ስብሰባ አልተጠራም፣ ውሳኔ አልተላለፈም። አምላኩ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ደገማት፤ ብርዱ ጠንቶበት ይሆናል። ያቆመው ስልኳን አንስታ ፖሊስ እጠራለሁ ያለችው ዕለት ነው።

ዘንድሮ ሰምበሩን ራሷ በራሷ ላይ ስታወጣው ግን፣ ያ ያን ጊዜ ያልተጠራው የአድሃሪዎች ጉባኤ በአራት ቀን ውስጥ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። ጋሼ በድሉ ሁለት ሰው አስከትለው እሑድ ከሰዓት ጓሮዋ ገቡ። ጅራፉ አጥሩ ላይ፣ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ እሱን ነገር ለእኔ አስረክቢኝ። ቅዳሜውንም ተይው። ባህላችን አይደለም።»

«ቀበቶውስ ባህላችን ነበር ጋሼ?»

ዳር የቆመው አምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያለፈ አይነሣም!» አሉ ጋሼ በድሉ። «ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜሽ የፊሊፒኖ መጫወቻ ይዘሽ!»

«ይሄን ሰምበር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኛውን ማን እንዳወጣው ያውቃሉ፤ አሳይቼዎታለሁ። የትኛው ነው ያሳፈርዎት?»

የተፋጠጠ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ጀብዱውን ይዘረዝራል።

«እኛ እኮ ለቡሄ ጅራፍ ስናጮህ ሰፈሩ ይናወጥ ነበር! ዛሬ አንቺ ልታስተምሪን ነው? አምጪው እስቲ!»

«ጋሼ፣ ይሄ እንደዚያኛው አይደለም፤ አጭር ነው። እንዳይጎትቱት። ኮፍያውን እንኳ ያድርጉ…»

«ዝም በይ!»

ከምስማሩ አውርደው፣ እንደ ረጅሙ የቡሄ ጅራፍ አናታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ጎተቱት። መጣ። ግራ ጆሯቸውን አገኘው። ጋሼ በድሉ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጆሯቸው ቀልቶ በርበሬ መሰለ። ተከታዮቻቸው አጥሩን ይመረምሩ ጀመር።

ፀሐይነሽ አልሳቀችም። ገብታ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች፤ አረጋዊ መንከባከብ እንጀራዋ ነው። ጆሯቸው ላይ ቀስ አድርጋ አስደገፈችና፣ በመጦሪያው በለመደችው በዚያ ለስላሳ ድምፅ፦

«ቻል ያድርጉት ጋሼ» አለቻቸው። «ብርዱ ነው።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። አምላኩ በካናቴራ ቆሞ ያልበዋል።

ጅራፏን ከሣሩ አነሣች፣ ጠቀለለች፣ ወደ ምስማሩ መለሰች። ዳግም አስረክቢኝ ያላት አልነበረም። ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ሄደች።