የሙሉጎጃም ነጭ አፈር

ልጅ ሆኜ፣ ጳጉሜ ስትገባ መንደራችን በሙሉ ነጭ አፈር ነጭ አፈር ይሸት ነበር። ሽታውን እንዴት ላስረዳ? ዝናብ የነካው ጭቃ አይደለም፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍ የሚያደርቅ፣ እኛ ልጆች ተደብቀን የምንልሰው ዓይነት ነው። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ለእንቁጣጣሽ ግድግዳዋን በነጭ አፈር ያልለቀለቀች ሴት ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ነበረች። እናቴ ደግሞ የሰው አፍ ከወባ በላይ ትፈራለች።

አፈሩን የምናወጣው ሴቶች ልጆች ነን። ከሁላችን አንደኛዋ ቆፋሪ የአክስቴ ልጅ ሙሉጎጃም ነበረች። እናቷ ስትሞትባት እኛ ቤት መጣች፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ፊደል እንኳ አልቆጠረችም። ደብተሬን ዘቅዝቃ ይዛ የምታነብ እየመሰለች ታስቀኝ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ "የዘንድሮን አፈር አውጪልኝና መስከረም ላይ አስመዘግብሻለሁ" አለቻት። ይህን ከሰማች በኋላ ማንም ሳያዛት ትሄድ ጀመር። አፈሩን ስትወቅጥና ስትነፋ ብናኙ ደረቷ ገብቶ ክፉኛ ያስላታል፤ እናቴ ፌጦ በሎሚ ትሰጣትና በማግስቱ ተመልሳ ትቆፍራለች።

ጉድጓዱ ከአያ ደሴ ማሳ ሥር ነበር። ከላይ ዳጉሳ ተዘርቶበታል። የሰው ሰብል መርገጥ በእኛ አገር ትልቅ ነውር ስለሆነ ማንም ከላይ ወደ ታች አይቆፍርም፤ ሁሉም ከጎን ይገባና ያምና ቆፋሪ ከተወችበት ይቀጥላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉድጓዱ ዋሻ ሆነ። አያ ደሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባዩን ቁጥር ግን "እናንት ልጆች፣ ዳጉሳዬን እንዳትረግጡብኝ፤ በታች በታቹን ቆፍሩ" ይሉናል። እኛም እሺ እንላለን። ትልቅ ሰው አክብረን፣ ሰብል አክብረን ነበር የምንቆፍረው።

አንድ ቀን ሲዘንብ አድሮ በጠዋቱ ሄድን። ሙሉጎጃም ውስጥ ሆና ትቆፍራለች፤ እኔ አፉ ላይ ቆሜ በቅርጫት እየተቀበልኩ ማዳበሪያው ውስጥ እገለብጣለሁ። ማዳበሪያው ሊሞላ ሲል ብቅ አለችና "አንቺ፣ አስተማሪው ይማታል እንዴ?" አለችኝ።

"ካረፈድሽ ይማታል" አልኳት።

"እኔ አላረፍድም" ብላ ተመልሳ ገባች።

ትንሽ ቆይቶ መሬቱ የደከመው ሰው እንደሚያደርገው እህ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ዋሻው የለም። በቃ የለም። ዳጉሳው እንደቆመ ወርዶ እሷ የገባችበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። መጮኼን የማውቀው ሌሎች ስለነገሩኝ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት አያ ደሴ ነበሩ። ያን እንዳንረግጥ ያሉንን ዳጉሳ በዶማቸው እየገነጣጠሉ ቆፈሩ፤ ዶማው እንዳያገኛት ሲፈሩ ደግሞ በእጃቸው ጫሩ። "በታች ቆፍሩ ያልኩ እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ" ይላሉ። ስትወጣ ፊቷ እስከ ሽፋሽፍቷ ነጭ ነበር። የቀለደች መስሎኝ ስሟን ጠራኋት።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ቀኗ ነው፤ ከቀኗ አታልፍም" አለ። ጉድጓዱ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። እንቁጣጣሽን ቤታችን ሳይለቀለቅ ዋለ። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚዘገንነኝ ግን አርባዋ ነው። ለተዝካሯ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግድግዳው መለቅለቅ ነበረበትና እናቴ እንባዋን እየጠረገች ጥግ ተቀምጦ የነበረውን የዚያን ቀኑን ማዳበሪያ ፈታችው። እኔ ውሃ አቀበልኳት። ቤታችን እንደዚያን ቀን ነጥቶ አያውቅም፤ የመጡትም "ቤቱስ አምሮበታል" አሉ። በዓመቱ ከተናደው ትንሽ ፈንጠር ብሎ አዲስ ጉድጓድ ተከፈተ። እኔም ሄጄ ቆፈርኩ።

ዛሬ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ግድግዳዬ ከሱቅ በተገዛ ቀለም የተቀባ ነው፤ ልጄ ለበዓል ብላ ጉድጓድ አትገባም ብዬ እፎይ ብዬ ነበር። በቀደም ልጄ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ኮንጎ ውስጥ ለስልክ ባትሪ የሚሆን ኮባልት የሚባል ማዕድን አለ፤ ትልልቆቹም ሕፃናቱም በባዶ እጃቸው ይቆፍሩታል፣ ጉድጓዱ ይደረመስባቸዋል፣ የተረፉትንም ብናኙ ሳንባቸውን ይበላዋል። ስልኩን ከእጄ ጣልኩት። ልጄ "እማ፣ ምን ነካሽ? ይሰበራል እኮ" አለችኝ።

ሲመሽ አንስቼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ለሥራ ያስፈልገኛል። ያኔ ከአፈሩ ጋር አስከሬኑም ደጃችን ድረስ መጥቷልና ወደድንም ጠላንም አልቅሰናል። አሁን በስልኩ ውስጥ የሚመጣልን አፈሩ ብቻ ነው።