በመስኮቴ የምትታየው ልጅ

«ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ» ስል ሰው ሁሉ «ጠቅላላው ምንድን ነው?» ይለኛል። አዲስ አበባ ያሉት አብሮ አደጎቼ ለዚሁ ሥራ ፋሲሊቲ ማናጀር ይባላሉ፤ ክራቫት ያስራሉ፤ ደመወዛቸውም ስማቸውን ይመስላል። እኔ የምሠራው እዚሁ መንዝ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ እኔ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ እኔ፣ ዘበኛ ጠጥቶ ሲመጣ እኔ። ሁሉም ሰላም የዋለ ቀን ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ግን ምን ሠርቶ ነው የሚበላው?» ይባላል። እግዜር ያሳያችሁ!

ባለፈው የእህቴ ልጅ ምን እንደምትማር ሲጨንቃት «ጋሼ፣ ያንተ ሙያ ምን አለው?» አለችኝ። ያለውን ነገርኳት። ከኤሌክትሪኩም ከቧንቧውም ከግዢውም ትንሽ ትንሽ ታውቂያለሽ፤ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር የሚጠብቀው ሰው ይፈለጋል፤ ጎበዝ ከሆንሽ ሆቴሉም ባንኩም ይሻማብሻል፤ ትዕግሥት ከሌለሽ ግን አትጠጊው አልኳት። ውሸት የለበትም። ግን ስለ ሥራዬ ስጠየቅ መጀመሪያ ድቅን የሚልብኝ ሌላ ነገር ነው። እሱን አልነገርኳትም።

ክረምት ነበር። የእኛ አገር ጉም ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ግቢ ይገባል፣ ኮሪደር ያቋርጣል፣ በእኩለ ቀን መብራት ያስበራል። በዚያ ጉም ከሞላሌ ገበያ የምትመለስ ሚኒባስ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠችና ቁስለኞቹን ወደ እኛ አመጧቸው። ከመሀላቸው እናትና ልጅ ነበሩ። እናትየዋ ቅልጥማቸው ተሰብሯል፤ ሆዳቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ልጅቷ፣ አንድ ያለቻቸው እሷው ነበረች፣ ከመኪና ሳትወርድ ሞታለች።

ታላቅ ወንድማቸው መጥተው አስከሬኑን ወሰዱ፣ ቀበሩ፣ ተመለሱ። ሐኪሙ «አሁን ቢሰሙ ልባቸው አይችለውም፤ ትንሽ ያገግሙ» አለ። እሱ ባይልም አገሩ እንዲያ ነው። መርዶ በሆስፒታል አልጋ ላይ አይነገርም። ሰው እቤቱ ይገባል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄሱና ሽማግሌው ባሉበት በማለዳ ይረዳል። የሚደግፍ ክንድ በሌለበት ማርዳት ሰውን መግደል ነው ይባላል። ስለዚህ እናትየዋን «ልጅሽ ደህና ናት፤ ያልመጣችው ጎኗን ተመትታ ከአልጋ እንዳትወርድ ስለተከለከለች ነው፤ ሌላ ክፍል ናት» አሏቸው።

ዘመዶቹ ጠያቂ ሆነው ሲመጡ በር ላይ አያቸው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቀው ይመጣሉ። ዘበኛው ቤት ጎን ቆመው ያቃኑታል፣ በቧንቧው ውሃ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ አንዷ ሌላዋን «ዓይንሽ ቀልቷል፣ ትንሽ ቆዪ» ትላታለች። ከዚያ ምሳ ይዘው እየተጫወቱ ይገባሉ። ሲወጡ እዚያው ቆመው መልሰው ይዘቀዝቁታል። ዘበኛው አንድ ቀን «እኔ ይሄን በር መጠበቅ አቃተኝ» ብሎኝ አለቀሰ።

አንድ ከሰዓት ወንድምየው ቢሮዬ ገቡ። ቁጭ በሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ።

«ልጄ፣ ጉድ ሠርቻለሁ» አሉኝ። «የት ክፍል እንደሆነች አሳዩኝ ብላ እጄን ያዘችኝ። ጨነቀኝ። በመስኮቷ አሻግሬ መብራት የበራበትን አሳየኋትና ያቺ ናት አልኳት። ያንተን ነው ያሳየኋት።»

ሳቄ መጣ። ፊታቸውን ሳይ ሳቁ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ አባቴ?»

«መጋረጃህን ዝጋልኝ። መብራቱን አታጥፋብኝ። ሌላ አልልህም።»

ዘጋሁት። የእናትየዋ ክፍል ከቢሮዬ ትይዩ ነው፤ መሀላችን ያለችው አንዲት ሣር የበቀለባት ግቢ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ቀን ቁም ነገርም አላልኩት። በማግስቱ ለማየት ብዬ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ እናትየዋ ትራስ ተደግፈው ወደ እኔ ያያሉ። ምናልባት መጋረጃው ሲነቃነቅ አይተው ይሆናል፣ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ። እኔስ? መጋረጃውን ለቅቄ፣ መብራቱን ከኋላዬ አድርጌ፣ ጥላዬ ብቻ መጋረጃው ላይ እየታየ፣ እጄን አነሳሁላቸው። ሳላስበው ነው። ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ትላለህ?

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሆነ። እሳቸው ያነሳሉ፣ እኔ አነሳለሁ። ቢሮዬም ቢሮዬ መሆኑ ቀረ። ስልክ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በእግሬ ጣት እራመዳለሁ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የሰው ቦታ የቀማሁ ይመስለኛል። ጀርባዬ ላይ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር እላለሁ፤ የፋይል መደርደሪያ ነው። አንዴ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ድንገት «አፈር ከለበሰች ልጅ አጠገብ ይጮኻል?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ስልኩን ዘጋሁበት። ሰውዬው እስከዛሬ ያኮረፍኩት ይመስለዋል።

ቢሮ የምታጸዳልኝ ሴትዮ አንድ ጠዋት እጄን እንዳነሳሁ ደረሰችብኝ።

«በስመ አብ!» አለች መጥረጊያዋን ጥላ። «ጌታዬ፣ በሞተ ሰው ቦታ ቆሞ ሰላም ይባላል? ይጠራዎታል እኮ!»

ከመቀነቷ ጠርሙስ አውጥታ ማዕዘኑን ሁሉ ጠበል ረጨችው። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ፣ የማይረባ ወሬ!» ብዬ ተቆጣኋት። ስትወጣ ግን ጠርሙሱን እዚሁ ተይው አልኳት።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። እናትየዋ ቀለማቸው መለስ አለ፤ ወደ ቤታቸው ሊገቡ ቀናት ቀሩ። ወንድምየው ቄሱን አነጋግረው፣ ሽማግሌዎቹን አሰናድተው ጨርሰዋል። «ይኸው እስከዛሬ አቆየናት፤ ጥቂት ነው የቀረን» ይሉኝ ነበር። እኔም ያቺን ጥቂት እንደነሱው እየፈራሁ እጠብቅ ነበር። ጎረቤት አልጋ ላይ የሚጠየቅ ሰው አንድ ቃል ቢያመልጠው የሁሉም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

በአንዱ ጠዋት ነርሷ «የእናትየዋ አልጋ ፍሬኑ አልያዝ ብሏል» ብላ ጠራችኝ። ቴክኒሻኑ ፈቃድ ላይ ስለነበር መፍቻዬን ይዤ ራሴ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ክፍላቸው ገብቼ አላውቅም፤ ሆን ብዬ ነበር የምሸሸው። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ጎማውን ስነካካ ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«ልጄ፣ ያ ማዶ ያለኸው አንተ ነህ አይደል?»

«የቱ ማዶ እማማ?»

«ተው እንግዲህ። ከዚያ ክፍል ሲወጣና ሲገባ የማየው አንተን ነው።»

መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ከአልጋ አትወርድም አሉኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከጎረቤት እየደበቁ። «እሺ ብዬ ነበር። ኋላ ቆመህ እጅህን አነሳህልኝ። ቆማ እጇን ማንሳት የምትችል ልጅ፣ ይህችን መዳፍ የማታህል ግቢ ተሻግራ እናቷ ጋ አትመጣም? የእኔ ልጅ? እየዳኸችም ትመጣ ነበር።»

ያ ሁሉ ዘመድ በር ላይ ፊቱን እየታጠበ የጠበቀውን መርዶ፣ ያለ ቄስ ያለ ሽማግሌ፣ መጋረጃ ውስጥ ቆሜ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ምን አድርገህ? ሰላም ነው ያልከኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«ወንድምጋሼን አታያቸውም? ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል። የአክስቴ ልጅ መቼ ለታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሳታቃናው ገባች። ወዲያው ዞራ ስታስተካክል አየኋት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት። እንዲህ ለፍተው ለፍተው አወቀች ቢባሉ ምን ይሆናሉ? እቤቴ ሲያረዱኝ እንደ አዲስ እሰማላቸዋለሁ።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ግን አቃተኝ ልጄ። ነጠላዬን ጎርሼ ማልቀስ አቃተኝ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነው። የዚህ ግቢ ቁልፍ አንተ ጋ ነው ይላሉ። ጩኸት የማይሰማበት ቤት የለህም?»

ሰው አምፖል ጠይቆኛል፣ ብርድ ልብስ ጠይቆኛል፣ ሳሙና ጠይቆኛል። እንዲህ ያለ የጠየቀኝ ግን የለም። ግቢውን በሐሳቤ ዞርኩት። መጋዘኑ ከመድኃኒት ቤቱ ይጋጠማል። ልብስ ማጠቢያው ሰው አለበት። ግድግዳችን ሁሉ ስስ ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ጩኸት የማይሰማበት አንድ ቤት የለንም። ሌላ ጩኸት የሚውጥ ግን አለን።

ነርሷን «አልጋው እስኪጠገን ፀሐይ ላሙቃቸው» አልኳት። በዚያ ጉም ፀሐይ! አየችኝ፤ እሳቸውን አየች፤ ዊልቸሩን ራሷ አመጣችው።

ግቢው ጥግ ጄኔሬተር ቤት አለ፤ ጎኑ የነዳጅ በርሜል የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ አስገባኋቸው፤ በጄሶ ያለውን እግራቸውን ጆንያ ላይ አሳረፍኩላቸው። ከዚያ ሄጄ ሞተሩን አስነሳሁት። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። በሩን ገርበብ አድርጌ ውጭ ቆምኩ። በስንጥቁ አያቸዋለሁ። አፋቸው ይከፈታል፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ድምፅ ግን የለም፣ ሞተሩ ብቻ። እናቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ዳይሬክተሩ ደወለ። «መብራት አለ እኮ! ጄኔሬተሩ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«እየሞከርኩት ነው» አልኩት።

«አልጨረስክም?»

«ገና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ሲበቃቸው በስንጥቁ እጃቸውን አነሱልኝ። አጠፋሁት። ፊታቸውን በባሊ ውሃ አጠብኩላቸው፤ ነጠላቸውን ራሳቸው አስተካከሉ። አልጋቸው ላይ መልሼ ፍሬኑን ሳጠብቅ ወንድምየው ምሳ ይዘው፣ በር ላይ ያዘጋጁትን ፈገግታ ይዘው ገቡ።

«ልጅሽ ሰላም ብላሻለች» አሉ። «ዛሬ ሾርባም ጠጣችልን።»

«ተመስገን» አሉ እናትየዋ።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ብርዱ ነው። ሲሄዱ እሷ ጋ ይለፉልኝ ወንድምጋሼ። እናትሽ በደንብ ትበላለች፣ አታስቢ በሉልኝ።»

ወንድምየው አንገታቸውን ደፍተው «እነግራታለሁ» አሉ። እናትየዋም እጃቸውን ታጥበው መብላት ጀመሩ።